ሰኞ ሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) አለን፤ ኢድ እሁድ ይሁን ሰኞ ገና አልታወቀም። በናንተ ግቢ እንዴት ነው?

ክላስ ሪፕ (ውይይቱን የከፈተው) | ማክሰኞ መጋቢት 16 ቀን 2017

ሰላም ለሁላችሁ። ግቢያችን ከከተማው ዳር፣ በቱሉ ዲምቱ በኩል ነው። ስሙን አልጠራም፤ ያወቀ ያውቀዋል። እኔ የክፍላችን ተወካይ ነኝ። ማለትም ማንም ሰው ሲናደድ መጀመሪያ የሚመጣው እኔ ጋ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ረመዳን የገባው ቅዳሜ የካቲት 22 ነበር። 29 ቀን ከሆነ ኢድ እሁድ መጋቢት 21 ነው። 30 ከሞላ ሰኞ መጋቢት 22። የሚለየው ቅዳሜ ማታ ጨረቃ ስትታይ ወይም ሳትታይ ስትቀር ነው። መምህራችን ደግሞ ሚድ ሰኞ ጠዋት 2:30 ብለው ለጥፈዋል። ሙስሊም ልጆች መጥተው "ቀኑን አስቀይርልን" አሉኝ። ሌሎቹ "ተፈትነን እንገላገል፣ ካሌንደሩ ወጥቷል እኮ" አሉኝ። ሁለቱም ወገን አኩርፎኛል።

የምጠይቃችሁ ግን ስለ ፈተናው ብቻ አይደለም። የአንዱ ወይም የሌላው እምነት በዓልና ጾም ሲመጣ በናንተ ግቢ ፈተናው፣ ካፌው፣ ዶርሙ እንዴት ይሆናል? "ተቻችለን እንኖራለን" የሚለውን ተዉት። እሱን በየስብሰባው ጠግበነዋል። የሚሠራውን ነገር ንገሩኝ።

---

ነን ካፌ

እሁድ ነው። ጨረቃዋን ደውዬ ጠይቄያታለሁ።

---

የደሴ ልጅ

ሪፕ፣ ካኮረፉት አንዱ እኔ ነኝ፤ ያንተው ክፍል ነኝ። እዚህ ላይ ረጋ ብዬ ላስረዳህ።

ችግሩ ሰኞ ብቻ አይደለም። ኢድ እሁድ ቢውልም እሁድ ቁጭ ብሎ የሚያነብ ማን ነው? ከዚህ ተነስተህ ስታዲየም ሰላት ለመድረስ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ አስፋልት መውጣት አለብህ። እሱም ታክሲ ከተገኘ ነው። ከሰላት በኋላ ቤተሰብ ያለው ቤቱ ይገባል፣ የሌለው የጓደኛው ቤት ይጋበዛል። ማታ 2 ሰዓት ላይ ደክመህ፣ ጠግበህ ትመለሳለህ። በነጋታው 2:30 ላይ ወረቀት ይሰጥሃል። እሁድ የዋለ በዓል ደግሞ በኛ ሀገር በሰኞ አይካካስም።

አንድ ሌላ ነገር። የአዲስ አበባ ልጆች ይሄ ነገር ብዙም አይገባችሁም። በዋዜማው ሻንጣችሁን ይዛችሁ ትወጣላችሁ፣ እናታችሁ በር ላይ ትጠብቃችኋለች። ግቢ ውስጥ በዓል የሚያከብረው የቀረው ሰው ነው። የወሎ፣ የጅማ፣ የሐረር፣ የጎጃም፣ የወላይታ ልጅ። ገና ሲሆን ባዶ ዶርም ውስጥ የሚቀሩት ክርስቲያኖቹ ናቸው፤ ኢድ ሲሆን እኛ። ስለዚህ "የግቢ በዓል" ሲባል የኛን ነገር ነው የምታወሩት።

---

ካሌንደር ይከበር

እኔ የማንንም በዓል አልጠላም። ግን ሚድ ሲገፋ ፋይናል ይገፋል፣ ፋይናል ሲገፋ ክረምቱ ይበላል። በዓል ካላችሁ እናቴ ጋ ወሩ ሙሉ በዓል ነው። በ12 ሚካኤል፣ በ19 ገብርኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም። ታኅሣሥ 19 ቁልቢ ልሂድ ብዬ ፈተና አስቀይሬ አላውቅም። ስለት ነበረብኝ፤ ግን አልሄድኩም፣ ተፈተንኩ። ለሁሉም አንድ ሕግ ይሁን።

---

የቀድሞ ሬጅስትራር

ልጆች፣ እኔ ጡረታ ልወጣ ስል ነው እንዲህ ያለ መድረክ የለመድኩት፤ ስለዚህ አጻጻፌን ታገሡኝ። የአካዳሚክ ካሌንደር በማውጣት ብዙ ዘመን ሠርቻለሁ። ሥራው ከውጪ ሲያዩት የሚመስለውን ያህል ከባድ አይደለም።

በዓሎቹን ለየብቻ እዩዋቸው። መስቀል መስከረም 17፣ ጥምቀት ጥር 11 ናቸው፤ አይነቃነቁም። ገና ታኅሣሥ 29 ነው፤ በዘመነ ዮሐንስ ብቻ 28 ይሆናል። ባለፈው ዓመት በ2016 እንዲህ ሆኖ ነበር፤ ካሌንደር አውጪው ካልነቃ እዚያች ላይ ይወድቃል። ፋሲካ ይዞራል፣ ግን በባሕረ ሐሳብ ስለሚሰላ የዛሬ ሃያ ዓመቱም ዛሬ ይታወቃል። ዘንድሮ ሚያዝያ 12 ነው፤ ስቅለት ዓርብ ሚያዝያ 10።

የሙስሊሞቹ በዓላት በጨረቃ ስለሚቆጠሩ በየዓመቱ አሥራ አንድ ቀን ያህል ቀደም ብለው ይመጣሉ። ይህም ቢሆን ይገመታል፤ የሚያጠራጥረው አንድ ቀን ብቻ ነው። እዚህ ላይ ብዙ መምህራን የማያስተውሉት ነገር አለ። ዓረፋ የሚውለው በወሩ አሥረኛ ቀን ነው፣ መውሊድ ደግሞ በወሩ አሥራ ሁለተኛ ቀን። ስለዚህ ጨረቃዋ በወሩ መባቻ ከታየች በኋላ ከሳምንት በላይ መዘጋጃ ጊዜ አለ። በዋዜማው ማታ የሚታወቀው ኢድ አልፈጥር ብቻ ነው። መፍትሔው ቀላል ነው። ሊውልባቸው በሚችሉት በሁለቱም ቀናት ፈተና አታስቀምጥ። አለቀ። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ስብሰባም አይጠይቅም።

"ለሁሉም አንድ ሕግ" ላልከው ልጄ፣ ሕጉ አለ። ቁልቢ ትልቅ ክብረ በዓል ነው፣ ግን መሥሪያ ቤት አይዘጋበትም። ኢድ ይዘጋበታል። ያም እንዲሁ አልመጣም። ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ውስጥ ሙስሊሞች ሰልፍ ወጡ፤ አብረዋቸው የወጡ ክርስቲያኖችም ነበሩ። ከጥያቄዎቹ አንዱ በዓሎቻችን እንደ ሌላው በዓል ይታወቁልን የሚል ነበር። ደርግ ከመጣ በኋላ ኢድ አልፈጥር፣ ዓረፋና መውሊድ ብሔራዊ በዓል ሆኑ። (ቀኑን አያችሁት? የዘንድሮ ፋሲካ የሚውልበት ነው።)

በ2008 የ12ኛ ክፍል ፈተና ሾልኮ ወጥቶ ሲሰረዝ፣ አዲስ የተቆረጠው ቀን ኢድ ላይ ወደቀ። ቅሬታ ተነሳ፤ እንደገና ተገፋ። ትልልቆቹም የሚሳሳቱበት ነገር ነውና መምህራችሁን ክፉ አትበሏቸው። ከካሌንደሩ አጠገብ የጨረቃውን አቆጣጠር አላስቀመጡም፣ ይኸው ነው።

---

ካሌንደር ይከበር

ጋሼ፣ እርስዎ ያሉት ገብቶኛል። ያኔ ካሌንደሩ ሲወጣ ነበር መታሰብ የነበረበት ነው የምለው እንጂ አሁን አይደለም።

---

ወጥ ቤት

እኔ ተማሪ አይደለሁም። በአንድ ግቢ ካፌ የምሠራ እናት ነኝ፤ ስልኩን ልጄ ነው የከፈተልኝ። ስለ ካፌው ለጠየቅከው የመለሰ ስለሌለ እኔ ልናገር።

ዘንድሮ ሁለቱ ጾሞች በአንድ ሳምንት ገቡ። ዓቢይ ጾም ሰኞ የካቲት 17፣ ረመዳን ቅዳሜ። ለእኛ ይህ ምን ማለት እንደሆነ ልንገራችሁ። ለስሁር (ሳይነጋ ለሚበላው) ሌሊት 10 ሰዓት ምግቡ መቅረብ አለበት። ስለዚህ እሳት የምናነደው 8 ሰዓት ነው። ከዚያ ቁርስ አለ። ከዚያ ምሳ አለ፤ ግን ከጿሚዎቹ ክርስቲያኖች ግማሾቹ 9 ሰዓት ሳይሞላ አይቀምሱም፤ በምሳ ዕቃ ይዘው ይሄዳሉ። ከዚያ ለኢፍጣር ከ12:30 በፊት ተምሩ ተቆጥሮ፣ ሹርባው ፈልቶ መጠበቅ አለበት። መግሪብ (ጀንበር ስትጠልቅ የሚሰገደው) 12:40 አካባቢ ነው፤ ልጅ ቀኑን ሙሉ ጾሞ አምስት ደቂቃ ሰልፍ ማቆም ነውር ነው። ከእራቱ ጋር ለአንድ ቀን ሦስት ጊዜ ሳይሆን አምስት ጊዜ ነው የምናበስለው። ሠራተኛ ግን አልተጨመረም።

ቢሆንም የጾም ወቅት ይሻለኛል። ለምን ብትሉ፣ ሁሉም የሚበላው አንድ ነው። ሽሮ ነው፣ ምስር ነው፣ ድንች ነው። አንድ ድስት ይበቃል። ጭንቁ በዓል ሲመጣ ነው። በዓል ሲሆን ሥጋ አለ፤ ሥጋ ሲኖር ሁለት እርድ፣ ሁለት ድስት፣ ሁለት መክተፊያ፣ ሁለት ጭልፋ ነው። የሙስሊሞቹ ጭልፋ እጀታው ላይ ቀይ ክር አስሬበታለሁ። አዲስ ሠራተኛ ሲመጣ መጀመሪያ የማሳየው እሱን ነው፣ ጨው ያለበትን እንኳን ከዚያ በኋላ ነው የማሳየው። አንዴ ጭልፋ ከተቀያየረ ያ ድስት ለሁለቱም አይሆንም። ተማሪው ስለማያይ ነው እንጂ በበዓል ቀን ሰላም የምትውለው በዚያች ክር ነው።

---

ፌሎ

ማዘር እጅሽን ይባርክልሽ!! ግን አንድ አቤቱታ አለኝ። እኔ ጴንጤ ነኝ። ጾማችን በግላችን ነው፤ የምግብ ካሌንደር የለንም። 55 ቀን ሙሉ እንቁላል የት ይገባል? ረቡዕና ዓርብ ነው ስንል ለምደን ነበር፣ አሁን ሁለት ወር ሙሉ ጠፋ። እኔና ሙስሊም ጓደኛዬ አብረን ነው የምናዝነው፣ እሱ ግን ቢያንስ ኢፍጣር ላይ ሳምቡሳ ያገኛል።

---

ወጥ ቤት

ልጄ፣ ለአንተ ብቻ እንቁላል ብቀቅል ሰልፉ የት እንደሚደርስ ታውቃለህ? ላውንጅ ሂድ።

---

ፌሎ

ላውንጅ በብር ነው ማዘር 😭

---

ስድስተኛው አልጋ

ስለ ዶርም ልጻፍ። እኛ ስድስት ነን። ሁለት ሙስሊም፣ ሦስት ኦርቶዶክስ፣ አንድ ፕሮቴስታንት። በረመዳን መጀመሪያ ሳምንት ልንጣላ ነበር። ምክንያቱ ሃይማኖት አይደለም፣ አላርም ነው። አንዱ ልጅ 9:30 ላይ የሚጮህ አላርም ሞልቶ እሱ ይተኛል፤ እኛ አራታችን እንነሳለን። ስሁር የማይበላው ሁሉ ነቅቶ፣ የሚበላው ተኝቶ!

አሁን የተስማማነው እንዲህ ነው። አላርሙ ንዝረት ብቻ ነው፤ ስልኩ ከትራሱ ሥር ነው የሚገባው። መብራት አይበራም፣ የስልክ ባትሪ ይበቃል። ፌስታል የሚንኮሻኮሽ ነገር ከመተኛት በፊት ተፈትቶ ይቀመጣል። ፌስታሏን አትናቋት፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ የዳቦ ፌስታል እንደሚያስነሳ የሚያስነሳ ነገር የለም። እኛም በተራችን እሁድ ለቅዳሴ ሌሊት 11 ስንነሳ ነጠላና ጫማችንን ማታ በር አጠገብ እናስቀምጣለን። በቃ፣ ጸብ የለም።

---

ጥያቄ አለኝ

ይቅርታ፣ አንድ ሰው ማለት ያለበትን ልበል። የትምህርት ተቋም ከሃይማኖት ነፃ ነው ይባላል። ታዲያ ኮሪደር ላይ ምንጣፍ ዘርግቶ ኢፍጣር መብላት ምንድን ነው? ነገ ሌላው ከበሮ ይዞ ቢመጣ ማን ይከለክለዋል?

---

የቀድሞ ሬጅስትራር

ጥያቄው ትክክለኛ ጥያቄ ነው፣ አትስደቡት። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 11 ላይ መንግሥትና ሃይማኖት የተለያዩ ናቸው ይላል። አንቀጽ 90 ንዑስ 2 ደግሞ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነፃ ይሁን ይላል። አንቀጽ 27 ግን የእያንዳንዱን ሰው የእምነት ነፃነት ያስከብራል። ግቢ የሚቆመው በሦስቱ መሀል ነው። ለዚህም ነው የኦርቶዶክሶቹ ግቢ ጉባኤ ከግቢ ውጪ ቤተ ክርስቲያን አዳራሽ የሚሰበሰበው፣ የሙስሊሞቹ ጀመዓ መስጊድ የሚሄደው፣ የጴንጤዎቹ ፌሎ (ፌሎሺፕ) ቤት የሚከራየው። ስብከት፣ ማይክ፣ ሰልፍ፣ ጥቅስ መለጠፍ ግቢ ውስጥ ቦታ የለውም። የራበው ልጅ ጀንበር ስትጠልቅ መብላቱ ግን ስብከት አይደለም፣ እራት ነው። ኮሪደር ከዘጋ "ኮሪደር ዘጋችሁ" በሉት፤ ጉዳዩ የመተላለፊያ ነው።

---

ቅዳሜ አልፈተንም

የኛን ማንም አያነሳው። አድቬንቲስት ነኝ። ከዓርብ ጀንበር መጥለቂያ እስከ ቅዳሜ ጀንበር መጥለቂያ ሰንበቴ ነው። በዓላችን በዓመት አንዴ አይደለም፣ በየሳምንቱ ነው። ማካካሻ ክፍለ ጊዜ፣ ማካካሻ ላብ፣ ኲዝ፣ ሁሉም የሚጣለው ቅዳሜ ላይ ነው። የሠራልኝ አንድ ነገር አለ። ሴሚስተሩ በገባ በመጀመሪያው ሳምንት፣ ፈተና ሳይኖር፣ ከቤተ ክርስቲያን ደብዳቤ ይዤ ለእያንዳንዱ መምህር እሰጣለሁ። ፈተናው ሲደርስ ከመጣህ ሰበብ ይመስላል። ቀድመህ ከመጣህ "እሺ፣ አንተ ዓርብ ጠዋት ትፈተናለህ" ይሉሃል። እስካሁን እምቢ ያለኝ አንድ መምህር ብቻ ነው።

---

ከወሊሶ

ሁሉም በዓል ተጠርቶ ኢሬቻ ቀረ። ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስቀል በኋላ፣ ቅዳሜ ሆራ ፊንፊኔ፣ እሁድ ቢሾፍቱ ሆራ አርሰዲ። ብዙ ሰው ባህል ብቻ ያደርገዋል፤ ለኛ ለዋቄፈታ (ለነባሩ የኦሮሞ እምነት ተከታዮች) ግን ለዋቃ፣ ለፈጣሪ፣ ምስጋና የምናቀርብበት ነው። እርጥብ ሣርና አበባ ይዘህ ውኃው ዳር ትደርሳለህ፣ ታመሰግናለህ፣ ትመለሳለህ።

ቅዳሜና እሁድ ስለሚውል ከክላስ ጋር አይጋጭም። የሚጋጨው ከምዝገባ ጋር ነው። መስከረም መጨረሻ ላይ ሻንጣ ተሸክመህ ግቢ ትገባለህ፣ "ነገ ካልተመዘገብክ ቅጣት አለ" ትባላለህ። በመስቀልም እንዲህ የሆነ ሰው ያለ ይመስለኛል። አንድ ጥቅም ብቻ አለን፤ የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ነው። ከመሀል ከተማ የሚመጣው ገና መኪና ሲጠብቅ እኛ ቢሾፍቱ ገብተናል።

---

የደሴ ልጅ

ማዘር ወጥ ቤት የጻፈችው ከሁሉም በለጠብኝ። እኔም ያየሁት እሱን ነው። በዓል ላይ አንድ ላይ መብላት አንችልም፤ ሥጋው ይለያየናል። "ኑ እንብላ" እንባባላለን፣ ከዚያ ለስላሳ ጠጥተን እንለያያለን። ዘንድሮ ግን ጾሞቹ ስለተገጣጠሙ ኢፍጣር ላይ ሁሉም ይበላል። ሳምቡሳው የምስር ነው፣ በዘይት የተጠበሰ። ተምር የጾም ነው። ሹርባውን ያለ ሥጋ በአጃ ሠራነው። ጎጃሜው የዶርሜ ልጅ ሳይቀር 12:40 ላይ ከኛ በፊት ተምር ይዞ ቁጭ ብሎ ሰዓት ያያል። "አዛን አለ?" ብሎ የሚጠይቀው እሱ ነው። እኛ ወሎ እንዲህ ነው ያደግነው፤ እዚህ ግን እንዲህ ሲሆን ያየሁት ዘንድሮ ነው።

እያደር ጨረቃዋ ከዓቢይ ጾም ትርቃለች። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ረመዳን ገና ጋ ይደርሳል። ያኔ ሹርባው ሥጋ ይገባበታል፣ እነሱም ከነቢያት ጾም ወጥተው ዶሮ ላይ ይሆናሉ።

---

ስድስተኛው አልጋ

ሳምቡሳ በነፃ ነው? የት ብሎክ ናችሁ?

---

ክላስ ሪፕ | ሐሙስ መጋቢት 18

ውጤቱን ልንገራችሁ። የጋሽ ሬጅስትራርን ጽሑፍ ይዤ መምህሩ ቢሮ ገባሁ። "ካሌንደሩ ላይ ሰኞ ትምህርት አለ" አሉኝ። "አዎ፣ ግን ኢድ ሰኞ ሊሆን ይችላል፣ ቅዳሜ ማታ ነው የሚታወቀው" አልኳቸው። ትንሽ ዝም ብለው ስልካቸውን ከፍተው አዩ። "ረቡዕ ይሁን፤ ግን የክፍሉ ሰው በሙሉ ይፈርምልኝ፣ ደግሞም ሁለተኛ አይቀየርም" አሉ።

ማስፈረሙ ነበር ከባዱ። ረቡዕ ጠዋት ሌላ ኲዝ አለ፤ ስለዚህ ከሰዓት 8 ሰዓት ሆነ። ከዚያ ጿሚዎቹ ሙስሊሞች "ያኔ ጾም ላይ አንሆንም፣ ደስ ይለናል" አሉ፤ ጿሚዎቹ ክርስቲያኖች "እኛ እኮ እስከ 9 ሰዓት አንበላም፣ በባዶ ሆድ ልንፈተን ነው" አሉ። 😅 በመጨረሻ ግን ፈረሙ። ካሌንደር ይከበርም ፈርሟል፣ ስሙን አልነግራችሁም።

---

ካሌንደር ይከበር

የፈረምኩት ሁለተኛ አይቀየርም ስለተባለ ነው።

---

ነን ካፌ | ቅዳሜ መጋቢት 20፣ ማታ

ታየች! ነገ ኢድ ነው! ብያችሁ ነበር እኮ። ኢድ ሙባረክ ለሁላችሁም።

---

ወጥ ቤት

እንኳን አደረሳችሁ ልጆቼ። ወጥ ቤት ቀይ ክሩ ወጥቷል። ያልሄዳችሁ 6 ሰዓት ላይ ኑ፣ ቀደም ቀደም በሉ።

---

ካሌንደር ይከበር

ኢድ ሙባረክ። እና ሰኞ መፈተን ይቻል ነበር ማለት ነው። ይመዝገብልኝ።

---

ከወሊሶ

😂😂

---

የደሴ ልጅ | ረቡዕ መጋቢት 24

ፈተናው አለቀ፤ ስለ ጥያቄ ሦስት ማንም እንዳያናግረኝ። አሁን ወደሚቀጥለው። ስቅለት ሚያዝያ 10፣ ፋሲካ 12፣ የግሩፕ ፕሮጀክቱ ማስረከቢያ ሰኞ 13 ጠዋት ነው። ግሩፓችን ውስጥ ከአምስቱ አራታችሁ ቤተሰብ ጋ እንደምትሄዱ ነግራችሁኛል። እኔ ግቢ ነኝ፤ ገጹን አስተካክዬ፣ አሳትሜ አስረክባለሁ። ግን ጽሑፋችሁን ሁላችሁም እስከ ረቡዕ ሚያዝያ 8 ላኩልኝ። ሐሙስ እግዚኦታ ትገባላችሁ፣ ዓርብ ስግደት ነው፣ ቅዳሜ በግ ፍለጋ ናችሁ። ከረቡዕ በኋላ ስልክ እንደማታነሱ አውቃለሁ።

---

ክላስ ሪፕ

ምዕራፍ ሦስት የማን ነበር? እስካሁን ባዶ ነው።

---

ካሌንደር ይከበር

የኔ ነው። ማክሰኞ እልካለሁ።